ባለቁልፉ የባልዲ አትክልት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ አሶሳ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር እየዘረጋሁ የምኖር፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከተበላሹ ራዲዮኖችና ከተዋስኳቸው መጻሕፍት የለቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እንደኔው ከወለጋ የመጣች፣ ትንሽ የምትናገር፣ የተናገረችውን ግን የማታጥፍ። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነች፤ አባቷን ትመስላለች ይሏታል፣ እሷ ግን ይህን መስማት አትወድም። አራተኛዋ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ከበርታ ብሔረሰብ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ሀቦባ ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኛም ሀቦባ እንላቸዋለን። አምስተኛው ከቡለን መጥቶ ከግቢው ማዶ ያለችውን ክፍል የተከራየ የባጃጅ ሹፌር ነው። ምስጦቹን አልቆጠርኳቸውም።

ወደዚህ ቤት ስንገባ ባለቤቴ ዕቃ ከመፍታቷ በፊት ትልቁ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። አሶሳ ከመጣን ወዲህ አራት ቤት ቀይረን ነበር። ከአንዱ የወጣነው አከራዩ ቆጣሪ ሲያታልል አይቼ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። ከሌላው የወጣነው ጎረቤቴን በልጆቹ አስተዳደግ ስለገሠጽኩት ነው። የቀሩትን ሁለቱን ማንሳት አልፈልግም። በሁሉም ቦታ እውነቱ ከእኔ ጋር ነበር፤ በሁሉም ቦታ ግን ዕቃውን ያሰረችውና የፈታችው ባለቤቴ ነች። ስለዚህ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠች እንዲህ አለችኝ፦

"ይሄን ቤት ወድጄዋለሁ። ከዚህ አልወጣም። ከተጣላህ ሻንጣው ያንተ ነው፤ ብቻህን ትወጣለህ።"

ቤቱ የሚወደድ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ግን በደንብ የተለሰነ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ግቢው መሐል ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ እንኳን አንድ ቤተሰብ አንድ ዕድር ይቀመጣል። ከባለቤቴ ቃል ጋር ለመስማማት አልተቸገርኩም። ከእንግዲህ ከማን ጋር እጣላለሁ ብዬ ነው? ሀቦባ ሰው የማይነኩ፣ ሹፌሩ ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ነው።

አትክልቱን የጀመረችው ባለቤቴ ናት። የቲማቲም ችግኝ ከገበያ አምጥታ መስኮታችን ሥር መሬት ላይ ተከለች። በሳምንቱ ችግኞቹ አንድ በአንድ ተኝተው ተገኙ፤ ምስጥ ከሥራቸው ቆርጧቸዋል። አሶሳ የኖረ ሰው በዚህ አይደነቅም። እዚህ ከተማ ጫማ መሬት ላይ ትተህ ዘመድ ጥየቃ ብትሄድ ስትመለስ የምታገኘው ማሰሪያውን ነው። እኔ ራሴ አንድ የተዋስኩትን መጽሐፍ አልጋ ሥር ረስቼ ሽፋኑን ብቻ መልሻለሁ። ባለቤቱ ይቅርታ አድርጎልኛል፣ ሌላ መጽሐፍ ግን አላዋሰኝም።

ነገሩን አሰብኩበት። ምስጥ ከመሬት የሚመጣ ከሆነ አትክልቱን ከመሬት ማንሳት ነው። ሽንፈት የምወድ ሰው አይደለሁም። የዘይት ጀሪካን ከአፉ ቆረጥኩ፤ ከምሠራባቸው ቤቶች ባዶ የቀለም ባልዲ ለመንኩ፤ ተሰንጥቆ የተጣለ እንስራም አገኘሁ። በጋለ ሚስማር ከታች በሳኋቸው፣ ውሃው እንዲወርድ። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ቀይ አፈር፣ አሸዋና የፍየል በጠጥ ቀላቅዬ ሞላሁ። እያንዳንዱን ባልዲ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ልጄን፣ ድንጋዩ ለምን ይመስልሻል አልኳት። ስለ ምስጥ ሰፊ ትምህርት ከሰጠኋት በኋላ፣ "እሺ አባዬ፣ ጥያቄውን የጠየቅከኝ አንተ ነህ" አለችኝ።

በጠጡን ልጄ የምታመጣው ከሀቦባ ፍየሎች በረት ነው። ሳታስፈቅድ አንዲት ፍሬ እንዳታነሳ አዘዝኳት። ሰው ለፍግ እንኳ ቢሆን ማስፈቀድ አለበት፤ ዛሬ ፍግ ሳያስፈቅድ ያነሳ ነገ ፍየሉን ያነሳል። ልጄ በየጊዜው በራቸው ላይ ቆማ ፈቃድ ስትጠይቅ ሀቦባ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። በዕድሜያቸው በጠጥ የሚለምን ሰው አይተው አያውቁም።

ባልዲዎቹ ሲደረደሩ መጥተው በትራቸውን ተደግፈው አዩዋቸው። የሀቦባ አማርኛ የራሱ መንገድ አለው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት።

"ይሄ ቲማቲም ምን አጠፋ? ለምን አሰርከው?" አሉኝ።

ምስጥ ፈርቼ እንደሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ግን ከሻሻቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን የባሚያ ዘር ፈትተው ለባለቤቴ ሰጧት። ለእስረኛው ጓደኛ ይሁነው አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ ጥቂት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በየባልዲው ጎንበስ እላለሁ። ውሃ ቧንቧ ላይ በፈረቃ ስለሚመጣ ሳሙና ያልነካው እጣቢ ሁሉ ለአትክልቱ እንዲቀመጥ ደንብ አወጣሁ። ቲማቲሙ አበበ። ቃሪያው ተንዠረገገ። ቆስጣው ቅጠሉ እንደ ዝሆን ጆሮ ሰፋ። በሶብላውና ጤና አዳሙ በአንድ ጀሪካን ተጣብቀው አደጉ። ከጠጣነው ሻይ ሎሚ ፍሬ ያወጣሁት ችግኝ እንኳ ሦስት ቅጠል አወጣ፤ ልጄ ያንን ሎሚ እኔ ሳገባ ትጨምቀዋለህ ብላ አሾፈችብኝ። የሀቦባ ባሚያ ሁሉንም አልፎ መስኮቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ቲማቲሙ መቅላት ጀመረ፤ መከራዬም አብሮ።

ከልማዱ ልነሳ። በዚያ ግቢ፣ እንዲያውም በአሶሳ ብዙ ግቢ፣ ማንጎ ሲደርስ የወደቀው ያገኘው ሰው ነው። ውሃ ሊቀዳ የገባ፣ ዕቃ ሊመልስ የመጣ፣ መንገድ ያቋረጠ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ማንም አይጠይቅም፤ ማንም አይቆጣም። ሀቦባ ዝናብ ያመጣው ፍሬ ሰደቃ ነው ይላሉ። እንግዲህ የግቢው ሰው ባልዲዎቼን ያየው በዚያው ዓይን ነው። ሀቦባን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ሲወጣ አንድ ቲማቲም ቆርጦ እየበላ ይወጣል። ሹፌሩ ጠዋት ፉል ሊበላ ሲሄድ ሁለት ቃሪያ ቀጥፎ ኪሱ ይከታል። ሀቦባ ራሳቸው ባሚያውን እየዳሰሱ የደረሰውን ይወስዳሉ፤ ዘሩ የእሳቸው ስለሆነ በእሱ ምንም አላልኩም፣ ግን አይቻለሁ።

እኔ ያደግኩት ሰው የላቡን ይብላ በሚል ቤት ነው። ባለቤቴ ግን ዓይኔን አይታ ገና አፌን ሳልከፍት፣ "ቲማቲም ነው። ነገ ሌላ ይቀላል" አለች። ለጊዜው ተውኩት። ለዘር ብዬ አንዱን ትልቅ ቲማቲም መረጥኩና እንዳይቆረጥ ግንዱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከሥራ ስመለስ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ማን እንደወሰደው አላወቅሁም። ሹፌሩ ግን ባጃጁን ሲያጥብ አጠገቤ ነበርና እሱን ያዝኩት። ስለ ሰው ንብረት፣ ስለ ትንሽ ስርቆትና ስለ ትልቅ ስርቆት፣ ስለ ወጣትነትና ስለ እርጅና ነገርኩት። ጨርቁን እየጨመቀ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ "ማንጎው ሥር ወንበር አውጥተው ሲበሉ ማን ደረሰኝ ጠየቀዎት?"

ማንጎ ሌላ ነው፣ ቲማቲሙን ግን በእጄ ነው የተከልኩት አልኩት።

"ማንጎውንስ ሀቦባ በእጃቸው አይደል የተከሉት?"

ይህን አላውቅም ነበር። ለካ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ የተከሉት ነው። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ አጥር ይገዛል። በማግስቱ ቀርከሃ አስጭኜ መጣሁ።

ሥራውን እኔው ሠራሁት፤ በእጄ ሥራ አልታማም። ቀርከሃውን ሰንጥቄ መሬት ውስጥ ቀበርኩ፤ እንዳይነቃነቅ በአንድ ወገን ከቤቱ የማዕዘን ግንድ ጋር፣ በሌላው ወገን ከመስኮቱ ክፈፍ ጋር በሚስማር አያያዝኩት። ባልዲዎቹ ሁሉ ውስጥ ሆኑ። ትንሽ በር አበጀሁለትና ቁልፍ አንጠለጠልኩበት። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ ምንም ሳትል ገባች። እሷ ምንም ሳትል ስትገባ መፍራት እንዳለብኝ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሥራው ግን ይዞኝ ነበር።

ሀቦባ መጡ። ቀርከሃውን ዳሰሱ፣ ቁልፉን በጣታቸው አወዛወዙት።

"ይሄ አጥር ለማን ነው?"

"ለፍየሎቹ ነው፣ ሀቦባ።"

"ፍየል ቁልፍ ይከፍታል?"

አልሳቁም። በትራቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ በልጄ ፊት ዋሸሁ፤ ያውም በማያሳምን ውሸት። ልጄ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች፤ ለእኔ አፍራ ይሁን ሳቋን ልትደብቅ እስካሁን አልነገረችኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ባልዲዎቼን አልነካም። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ልጄ በጠጥ ልታመጣ ሄዳ ባዶ ከረጢት ይዛ ተመለሰች። ሀቦባ "በፈቃድ ነው የሚወሰደው አይደል? ዛሬ ፈቃድ የለም" ብለዋል አለችኝ። ሹፌሩ ባጃጁን አጥሬ ፊት አቁሞ ቁልፉን ጮክ ብሎ ሰላም ይላል፤ "ደህና አደርክ አቶ ቁልፍ፣ ቲማቲሞቹ ደህና ናቸው?" ይለዋል፣ እኔን ግን ዝም ይላል። ቲማቲሙም ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀላ። ባለቤቴ ጠዋት የቲማቲም ስልስ፣ ቀን የቲማቲም ስልስ፣ ማታ የቲማቲም ስልስ ታቀርብልኝ ጀመር። ሌላ ነገር የለም ወይ ስላት፣ "የላብህን ብላ" አለችኝ። የቀረው ከግንዱ ላይ እየበሰበሰ ይወድቃል። የወደቀውን የሚያነሳ አልነበረም፤ በሩ ተቆልፏል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ትልቁ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ወጥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ምን ሊሆን ነው አልኩ። ባለቤቴ ለምንም አይደለም አለች፣ ቅርብ ይሁንልህ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየተደናቀፍኩበት እወጣ ጀመር። ሀቦባ እስከዚያ ውጣ አላሉኝም፤ እኔና ባለቤቴ ግን አንድ ቃል ብቻ እንደቀረ እናውቅ ነበር። እኔም የማስበው ስለ ቤት ኪራይ አልነበረም። ይህቺ ሴት አምስተኛ ጊዜ ዕቃ እንደማታስር አስብ ነበር።

መስኮቱን የከፈተችው ልጄ ናት። እኔ ቁርሴን፣ ማለትም ቲማቲሜን፣ እየበላሁ ነበር።

"አባዬ፣ መስኮቱ እጄ ላይ ቀረ" አለች።

እውነትም ክፈፉ እንደ ብስኩት ተፈርክሶ እጇ ላይ ነበር። ወጥቼ አየሁ። በየቀርከሃው ላይ ከመሬት ተነስቶ እንደ ደም ሥር የተዘረጋ ቀይ የጭቃ መንገድ አለ፤ በቀርከሃው ወጥቶ፣ በሚስማሮቼ በኩል አልፎ፣ መስኮቱ ውስጥ ገብቷል። የማዕዘኑን ግንድ በጣቴ መታሁት፤ ድምፁ ከበሮ ነው። ባልዲዎቹን ሳጠጣ የፈሰሰው ውሃ ቀርከሃውን ከሥሩ ሲያረጥበው ከርሟል፤ ምስጥ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግብዣ አይፈልግም። ባልዲዎቹ ድንጋያቸው ላይ በሰላም ተቀምጠዋል። ምስጥ ሸሽቼ በባልዲ የተከልኩ ሰው፣ በገዛ እጄ ለምስጥ መሰላል ሠርቼ ከሰው ቤት ጋር አስጠግቻለሁ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አልደብቀውም። ጭቃ መርጎ በላዩ ቀለም ቢቀባ ማንም አያውቅም፤ ግንዱም ለአንድ ክረምት ይቆማል። ቀለሙ እንኳ ነበረኝ። ከዚያ ልጄን አየኋት። የመስኮቱን ስባሪ እንደያዘች ምን እንደማደርግ ትጠብቃለች። ስለ እውነት ስንት ጊዜ እንደሰበክኋት አስታወስኩና ወደ ሀቦባ ቤት ሄድኩ። ስወጣ በሻንጣው ተደናቀፍኩ።

ሀቦባ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ባሚያ ይከትፉ ነበር፤ ከገበያ የተገዛ ባሚያ፣ ይህም ወጋኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። መስኮቱና ግንዱ በምስጥ እንዳለቀ፣ ጥፋቱ የአጥሬ እንደሆነ፣ አጥሩም ለፍየል እንዳልነበረ። በመጨረሻም ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ፣ ባለቤቴና ልጄ ግን እንዲቆዩ ይፍቀዱላቸው አልኩ። እጃቸው ከመክተፍ አላቆመም።

"ቲማቲሙ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"እየበሰበሰ ነው።"

"ያን ቀን 'ለፍየል' ስትል ፊትህ እንደሱ ቀልቶ ነበር።" አሁን ሳቁ። ከዚያ በትራቸውን ዘርግተው ፈረዱ፤ "ቤት የኔ ነው። አጥር ያንተ ነው። ምስጥ የአላህ ነው። ግንዱን እኔ እገዛለሁ። መስኮቱን አንተ ትገዛለህ።"

"የአላህስ ድርሻ?"

"እሱን ባልዲው ይክፈል። ቅዳሜ ሰው እጠራለሁ፣ ቤቱን ይሠራሉ። አንተ በሩን ትከፍታለህ፣ የበሰለውን ሁሉ ታበላለህ።"

ቅዳሜ ደቦው መጣ። ወንዶቹ ጣሪያውን በድጋፍ አቁመው የተበላውን ግንድ አወጡ፣ አዲሱን ባሕር ዛፍ ተከሉ። ሹፌሩ ግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን አምጥቶ ግንዱን ከሥር እስከ ጫፍ ቀባው፤ ያን የቀመሰ ምስጥ ለወንድሙ ይነግራል አለ። እኔ መስኮቱን አስገባሁ። ባለቤቴና ሀቦባ በአንድ ምድጃ ላይ የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ሠሩ፤ ሀቦባ ዶሮ ጨመሩበት። ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ቆስጣው፣ ሁሉም ገባ። ከምስጥ የተረፈውን ቀርከሃ ሹፌሩ ሰባብሮ ድስቱ ሥር ማገደው። እንደዚያ ውድ ማገዶ አንድጄ አላውቅም። ሲቀርብ ተነስቼ ስለ ጉርብትና ጥቂት ቃል ልናገር ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል" አለ ሹፌሩ። ሁሉም ሳቀ፤ ባለቤቴም ሳቀች። ከአጥሩ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ተቀመጥኩ።

ባልዲዎቹ አሁን ከግድግዳው ርቀው፣ ድንጋያቸው ላይ፣ ሰማይ ሥር ናቸው። አዲስ ደንብ አውጥቻለሁ፤ የቀጠፈ አንድ ጣሳ ውሃ ያጠጣል። ሰው ያለ ደንብ ይበላሻል፣ ይህን እምነቴን ምስጥ አልበላውም። ሹፌሩ ሁለት ቃሪያ ቀጥፎ አንድ ጣሳ ያጠጣና፣ "ጋሼ፣ ደረሰኝ" እያለ እጁን ይዘረጋል። ያረጀ የባጃጅ ጎማም አምጥቶልኛል፤ ሰላጣ ዘርተንበታል። ሀቦባ ሳይቀጥፉም ያጠጣሉ፣ እስረኛ ይጠማዋል እያሉ፤ ውሃ እንደሚበዛበት ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። በጠጡ ተፈቅዷል፣ ልጄ አሁንም ታስፈቅዳለች። ሎሚው ስድስተኛ ቅጠሉን አወጣ።

ሒሳቡን ለሚፈልግ ይኸው። ቀርከሃ ስድስት መቶ፣ ቁልፍ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሚስማር አንድ መቶ ሃምሳ፣ መስኮት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ፤ ይህ የእኔ ነው። ግንድ ስምንት መቶ ብርና አንድ ዶሮ የሀቦባ። ግማሽ ቀን ሥራ የሹፌሩ። ለቲማቲሙ ዋጋ አላወጣሁለትም። በጠቅላላው በብር ብቻ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። ሻንጣው ከሒሳቡ ውጭ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ራሷ ወደ አልጋ ሥር መልሳዋለች፣ ምስጥ እንዳያገኘው ከሥሩ ድንጋይ አድርጋ።